ከጅብ የተረፈችው አህያ፦ የአንድ ቤተሰብና የታደጓት እንስሳ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተመዘገበ

ይህ ጉዳይ የተፈጸመው በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከእንጦጦ ደን ግርጌ ካሉ ሰፈሮች በአንዱ ነው። አንዲት ወይዘሮና ልጃቸው ጅብ የያዛትን አህያ አስጥለው አስታመሟት፤ ዛሬም አብራቸው ትኖራለች። እኔ በእንስሳት ጤና ባለሙያነቴ ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ ተከታትያለሁ። ቤተሰቡ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ስማቸውንና የሰፈራቸውን ስም አልጠቅስም።

እንስሳ ስለ ማዳን ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የዳነበት ቀን ነው። እኔ መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግሁት ከዚያ ቀን በኋላ የመጣውን ነው። ሰውና የታደገው እንስሳ ሲላመዱ ፍቅሩ መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ራሱ ሕመም የሚያመጣበትም ጊዜ አለ። በዚህ ቤት ሁለቱንም አይቻለሁ።

ዳራ

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ ከ9 ሚሊዮን በላይ አህዮች እንዳሏት ይገመታል። አህያ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት የተላመደችው በዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ የዘረመል ጥናት ያመለክታል። የዱር ዘመዷም ቁጥሯ እጅግ ተመናምኖ በአፋር በረሃ ትገኛለች። በአዲስ አበባ ዛሬም እህል ከእህል በረንዳ ወጥቶ ወፍጮ ቤት የሚደርሰው፣ ቧንቧ በጠፋበት ሰፈር ውሃ በጀሪካን የሚታደለው በብዛት በአህያ ጀርባ ነው።

ያረጀ በሬ ዋጋ አለው። ይደልባል፣ ይሸጣል፣ ሥጋው ይበላል፣ ቆዳው ገንዘብ ያወጣል። የአህያ ሥጋ ግን በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ አይበላም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ በዚያው ዓመት ተዘግቷል። የአፍሪካ ኅብረትም በየካቲት 2016 ዓ.ም. አህያን ለቆዳዋ ሲባል ማረድ በአህጉሪቱ እንዲቆም ወስኗል። በሁለቱም ውሳኔ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ከቢላዋ የተረፈች አህያ ሥራ ስታቆም ለባለቤቷ ወጪ ብቻ ትሆናለች፤ ገለባ በተወደደበት ከተማ የማትሠራ አህያን የሚቀልብ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ሲመሽ ወደ ደን ዳር ወይም ወደ አውራ ጎዳና ተነድተው ይለቀቃሉ። የቀረውን ጅብ ወይም መኪና ይጨርሰዋል።

ወይዘሮዋ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ፣ እንጀራ ጋግረው ለሱቆች በማስረከብ የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው በወቅቱ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ግቢያቸው በቆርቆሮ የታጠረ ጠባብ ግቢ ሲሆን ጓሮው ውስጥ የማገዶና የሰጋቱራ ማስቀመጫ ዳስ አለ። ወይዘሮዋ ገጠር ተወልደው ስላደጉ ከብት ያውቃሉ፤ ልጁ ግን አህያ ነክቶ አያውቅም ነበር።

የተገኘችበት ሌሊት

ወሩ ሐምሌ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም ወይዘሮዋ ምጣድ ጥደው ሳለ የጎረቤት ዘበኛ «ጅብ! ጅብ!» እያሉ ሲጮኹ ሰሙ። ከምድጃው ትንታግ መዝዘው ወጡ። መንገዱ ዳር ባለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ አንዲት አህያ የፊት እግሮቿ ተቀርቅረው ቆማለች፤ ሁለት ጅቦች ከኋላ ይዘዋታል። ዘበኛው በድንጋይ፣ ወይዘሮዋ በእሳት አባረሯቸው። ጅቦቹ ግን ሄደው አልሄዱም፤ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሆነው ይጠብቁ ነበር። አህያዋን ከቦዩ ለማውጣት ጉልበት ያለው ሰው ያስፈልግ ስለነበር ወይዘሮዋ እስኪነጋ እሳት ይዘው አጠገቧ ቆሙ። ልጁ እንጨት ያመላልስ ነበር። የዚያን ዕለት እንጀራ አላስረከቡም።

ለምን ትተው እንዳልገቡ በኋላ ስጠይቃቸው፣ «እሳቱን ይዤ ስጠጋ ዓይኗን አየሁት፤ ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ገብቼ ልጋግር?» አሉኝ።

ጠዋት ጎረቤት ተረዳድቶ በሳንቃና በገመድ አወጣት። እኔ ስደርስ ዳሱ ውስጥ ቆማ ነበር። ጥርሷን ሳየው ዕድሜዋ 10 ዓመት ቢሆን ነው። በጥሩ ይዞታ አህያ ከ30 ዓመት በላይ ልትኖር ስለምትችል አርጅታ የተጣለች አልነበረችም። ምክንያቱ ጀርባዋ ላይ ነበር። ከትከሻዋ በላይ፣ ጋማዋ የሚያልቅበት ቦታ፣ የሰው መዳፍ የሚያስገባ ገጣባ አለ። ጠርዙ እንደ ጫማ ሶል ጠጥሯል፤ መሃሉ መግል ቋጥሮ ትል ያፈላል። በወረንጦ ሳጸዳው አንድ ነጭ ክር መጣልኝ። ስስበው ረዘመ። ለመደላድል ተብሎ ከጭነት ሥር የተነጠፈ የማዳበሪያ ጆንያ ቅዳጅ ነበር፤ ቁስሉ ውስጥ ገብቶ ሥጋ ደርቦበታል። ሰኮናዋ ሳይቆረጥ አድጎ ወደ ላይ ተጠማዟል። የቀኝ የፊት እግሯን የእግር ብረት ያህል የጠበቀ ገመድ በልቶታል። የኋላ ጭኗ ላይ የጅቡ ጥርስ የተተከለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ያን ሁሉ ስነካካ ድምፅ አላሰማችም፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ ቆመች። አህያ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዝምታዋን ደኅንነት አድርጎ የሚያይ ሰው ይሳሳታል።

መጀመሪያ መመለስ የነበረበት ጥያቄ

ገጣባው አስከፊ ቢሆንም እኔን ያስጨነቀኝ የጅቡ ንክሻ ነው። ጅብ የእብድ ውሻ በሽታን ያስተላልፋል፤ ሰው ቀርቦ የሚነክስ ጅብ ደግሞ ጤነኛ ነው ብሎ መተማመን አይቻልም። ጅቡ ተይዞ ስለማይመረመር ንክሻውን እንደተበከለ አድርጎ መያዝ ግድ ነው። በሽታው በአህያ ላይ ምልክቱን እስኪያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሰውም ለእንስሳም ፈውስ የለውም።

ልጁ አህያዋን ሲያወጡ ከኋላ ይገፋ የነበረው እሱ ነው። ጣቱን ደግሞ ከቀናት በፊት ቆርቆሮ ቆርጦታል። እጁን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አሳጠብኩት፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ጀመረ። ይህን የምጽፈው እንስሳ የሚያድን ሰው ሁሉ በእንስሳው ቁስል ላይ ያለው ምራቅ የማን እንደሆነ መጠየቅ ስላለበት ነው።

ስለ አህያዋ ሁለት መንገድ እንዳለ ለወይዘሮዋ ነገርኳቸው። ክትባት ያልነበራት እንስሳ እንዲህ ስትነከስ የሚመከረው ወይ ሳትሠቃይ እንድትሞት ማድረግ ነው፣ ወይ ለ6 ወር ተለይታ በቅርብ እንድትታይ ማድረግ። ወይዘሮዋ፣ «ዶክተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ከጅብ የጠበቅኋትን ጠዋት በመርፌ ልግደላት?» አሉ። እንግዲያው ሁለተኛው መንገድ ተመረጠ። ክትባቱን በተከታታይ ሰጠኋት። ማንም ሰው እጁን ወደ አፏ እንዳያስጠጋ፣ ያለ ጓንት እንዳይነካት፣ የጎረቤት ሕፃናት እንዳይገቡ፣ ለሃጭ ካበዛች፣ መዋጥ ካቃታት፣ ድምፅዋ ከተለወጠ ወይም ሰው ላይ ከተነሳች ወዲያው እንድጠራ ተስማማን።

ለወይዘሮዋ ከሁሉ የከበዳቸው የእጁ ነገር ነው። አህያዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲገቡ አፍንጫዋን ወደ መዳፋቸው ትልክ ጀመር። እሳቸው ደግሞ እጃቸውን ወደ ኋላ ይደብቃሉ። «የተጠየፍኳት እንዳይመስላት» እያሉ ይጨነቁ ነበር። አንገቷን በጓንት እንዲያኩላት መከርኩ፤ አህዮች እርስ በርሳቸው የሚተካከኩት እዚያው አንገትና ጋማ ላይ ስለሆነ ያ ይበቃታል። በቃትም።

ሕክምናው

ሞቶ የነበረውን ሥጋ አነሳሁ፤ ፀረ-ቴታነስ፣ ፔኒሲሊንና የሕመም ማስታገሻ ሰጠኋት። የጅብ ንክሻውን አልሰፋሁትም፤ እንዲህ ያለ ቁስል ተከፍቶ እየታጠበ ቢድን ይሻላል። የትል መድኃኒት የሰጠኋት ትንሽ ካገገመች በኋላ ነው።

ትልቁን ሥራ የሠራው ልጁ ነው። በግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው እየጨመረ፣ ሲቀዘቅዝ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ገጣባውን ጠዋትና ማታ ያጥባል። በመካከሉ ጎረቤት በቅንነት የየራሱን መድኃኒት አመጣ። አንዱ የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ሌላው የባትሪ አሲድ፣ ሌላው በጋለ ብረት መተኮስ ይሻላል አለ። እነዚህ ሁሉ ቁስሉን ያደርቁ መስለው ሕያው ሥጋ ይገድላሉ። ልጁ ሁሉንም አመስግኖ መለሰ።

መጀመሪያ ላይ ስትታጠብ ሁለት ሰው ይይዛት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ሳህኑን ይዞ ሲገባ ራሷ ሄዳ ግድግዳው ጥግ ትቆምና ጭንቅላቷን ዝቅ ታደርጋለች። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት «ቦራ» ብሎ የሰየማትም እሱ ነው። እያጠበ ያወራታል። ስለ ፈተና፣ ስለ ኳስ፣ አንዳንዴም ስለ አባቱ። ወይዘሮዋ በሩ ጋ ቆመው ሲሰሙ አይቻቸዋለሁ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ለእሳቸው እንኳ ስለ አባቱ አውርቶ እንደማያውቅ የነገሩኝ ያኔ ነው። አህያዋ ልጁን አዳነችው አልልም፤ ለእንደዚህ ያለ ነገር ምስክር የመሆን እውቀቱ የለኝም። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ፦ ልጁ በየቀኑ የሚጠብቀው ፍጡር ነበረው፤ ያ ፍጡር ደግሞ ምንም አይጠይቀውም ነበር።

ርኅራኄ ምግብ ሲሆን

ነሐሴ ውስጥ ቦራ መብላት አቆመች። ስመጣ አንገቷን ደፍታ፣ ክብደቷን ወደ ተረከዟ ጥላ ቆማለች፤ ሰኮናዋን ስነካው ይሞቃል። ገንዳዋ ውስጥ የተቦካ ሊጥ አገኘሁ። ወይዘሮዋ ሥጋ ታወጣ ብለው የደረቀ እንጀራ፣ የተረፈ ሊጥ፣ ጠላ ከሚጠምቁ ጎረቤታቸውም አተላ ይሰጧት ነበር። ጎድኗ ሲወጣ ማየት አልቻሉም።

የአህያ ሆድ የተሠራው ለደረቅ መኖ ነው። ቀኑን ሙሉ ገለባ እየለቀመች እንድትውል እንጂ እህልና ቡኮ እንድትበላ አልተፈጠረችም። ሊጥ ሲበዛባት ሆዷ ይታመማል፤ ሕመሙ ሰኮናዋ ድረስ ወርዶ እግሯን ያቃጥለዋል። ለምጣድ የተቀመጠውን ሰጋቱራ በወፍራሙ አነጠፍንላት፣ ማስታገሻ ሰጠኋት፣ ከገለባና ከውሃ በቀር ሁሉም ተከለከለ።

ክልከላ ብቻውን ግን እንደማይሠራ አውቄዋለሁ። የሚወዱትን እንስሳ መመገብ የለመደ ሰው በፊት ለፊት ሲከለከል በጓዳ ይሰጣል። ስለዚህ ለወይዘሮዋ ሌላ ሥራ ሰጠኋቸው፦ የክረምት ገለባ አቧራና ሻጋታ ስላለበት ከመቅረቡ በፊት በወንፊት ይነፋ፣ የሻገተው ይለቀም፣ በቀን በትንሽ በትንሹ ብዙ ጊዜ ይቅረብ። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ ወደዱት። ከዚያ ወዲህ ገንዳዋ ውስጥ ሊጥ አላየሁም። ከጉዳዩ ሁሉ ለሌሎች ቤተሰቦች በብዛት የምነግረው ይህን ነው።

ብቻዋን ስትቀር

በመስከረም ወይዘሮዋ ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ትውልድ አገራቸው ሄዱ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ይውላል። ቦራ መኖዋን ተወች። ሌሊት ታናፋለች፤ ጎረቤት መተኛት አልቻለም። አህያ ለቀናት ካልበላች ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ ወደ ደሟ ይለቃል፣ ጉበቷ ይጎዳል፣ ትሞታለች። ልጁ ደውሎ ጠራኝና በቧንቧ መመገብ ጀመርን። ወይዘሮዋ ተመልሰው ድምፃቸውን እንደሰማች ጆሮዋ ቆመ፤ በዚያው ምሽት ገለባ ነካች።

ሰፈሩ ይህን ሰምቶ ተደነቀ። ወይዘሮዋም አለቀሱ፤ ከእንግዲህ ከቤት ወጥተው እንደማያድሩ ተናገሩ። እኔ ግን ያየሁት አደጋ ነበር። ሕይወቷ በአንድ ሰው መኖርና አለመኖር ላይ የተንጠለጠለ እንስሳ ገና አልዳነችም። አንዲት እንጀራ ሸጣ የምታድር እናትም ለቅሶ እንዳትደርስ፣ እንዳትታመም፣ እንዳታረጅ መጠየቅ አይቻልም።

አህያ በተፈጥሮዋ ጓደኛ የምትይዝ እንስሳ ናት። ሁለት አህዮች ከተላመዱ ለዓመታት አይለያዩም፤ ሲለያዩም ይታመማሉ። ቦራ በሰው የተካችው ያጣችውን የራሷን ዘር ነበር። በሰፈሩ በአንዲት ዳለቻ አህያ ውሃ የሚያመላልስ ወጣት አለ። ማታ ማታ አህያውን ደጅ ስለሚያስራት ጅብ ይፈራል። ዳለቻዋ በወይዘሮዋ ግቢ እንድታድር፣ እሱም በምትኩ የሁለቱንም ገለባ ከገበያ ጭኖ እንዲያመጣ ተስማሙ። የ6 ወሩ ክትትል ስላላለቀ በመካከላቸው አፍ ለአፍ የማያደርስ የእንጨት አጥር ሠራን፤ ዳለቻዋም ተከተበች።

መጀመሪያ ተራገጡ፣ አናፉ። ከዚያ በአጥሩ ሁለት ወገን ትይዩ መቆም ጀመሩ። በኅዳር ወይዘሮዋ ለሌላ ጉዳይ ወጥተው ሲያድሩ ቦራ እንደወትሮው በላች። ወይዘሮዋ ሲመለሱ፣ «አሁንማ ረሳችኝ» ብለው ቅር አላቸው። አልረሳቻቸውም፤ የበሩ መቀርቀሪያ ሲነካ ከዳለቻዋ ቀድማ የምትዞረው እሷ ናት። ሆኖም ቅሬታው እውነተኛ ነበርና ቀስ ብሎ እስኪያልፍ ጊዜ ሰጠሁት። ያዳንነው እንስሳ እኛን ማስፈለጉ ሲቀንስ ደስ መሰኘት መማር የሚፈልግ ነገር ነው።

ባለቤቱ መጣ

በታኅሣሥ፣ እህል ከየአገሩ በሚገባበትና አህያ በሚፈለግበት ጊዜ፣ አንድ ሰው መጥቶ አህያዋ የእሱ እንደሆነች፣ በሐምሌ ጨለማ እንደጠፋችበት ተናገረ። ምልክቷን አስረዳ፤ እውነትም የእሱ ነበረች። ወይዘሮዋ በሩን ዘጉ። ነገሩ ወደ እድሩ ሽማግሌዎች ሄደ።

እዚያ ላይ የጠቀመው የልጁ ደብተር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገጣባው የታጠበበትን ቀን፣ የተሰጠውን መድኃኒትና ክትባት፣ የገለባውን ዋጋ ጽፎ ይዟል። ዘበኛው ያዩትን መሰከሩ፤ እኔ ቁስሉ ስንት ጊዜ እንደቆየና ከቁስሉ ውስጥ ምን እንዳወጣሁ ተናገርኩ። ክትትሉ እስኪያልቅ ጭነት መጫን እንደማይቻልም አስረዳሁ። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ጌታን በሆሳዕና የተሸከመች ፍጡር ናት፤ በዚህ ጀርባ ላይ ነው የጫንከው?» አሉት። ፍርዳቸው አጭር ነበር፦ ደብተሩ ላይ ያለውን ከፍሎ ይውሰዳት። ሰውየው ደብተሩን አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው።

ወይዘሮዋ ግን በራሳቸው ፈቃድ ጥቂት ብር ሰጥተው በምስክር ፊት አስፈረሙት። «ነገ ልጄን መንገድ ላይ ሲያገኘው ቂም እንዳይዝበት» አሉ። ብሩ ተገቢ አልነበረም የሚሉ አሉ። እኔ ወረቀቱ ከብሩ በላይ ዋጋ ያለው ይመስለኛል።

ሰውየውን ጨካኝ ብሎ ማለፍ ይቀላል። አነጋገርኩት። የቀን ሥራ የሚሠራ፣ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ገጣባው መሽተት ሲጀምር ነጋዴዎች እህላቸውን በእሷ አናስጭንም አሉት፤ አሳርፎ የሚቀልብበት አጣ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጭነት ከጀርባ አጥንት ላይ ማረፍ እንደሌለበት ማንም አሳይቶት አያውቅም። ኩርታን እንዴት እንደሚሠራ አሳየሁት፦ ገለባ የተሞሉ ሁለት ረጃጅም ከረጢቶች በአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ይተኛሉ፣ መሃሉ ክፍት ይሆናል፣ ክብደቱ ጎድን ላይ ያርፋል፣ አየር በአከርካሪው በኩል ያልፋል። አሁን በሚሠራባት ሌላ አህያው ላይ ይጠቀምበታል። ባለፈው ጀርባዋን አየሁት፤ ንጹሕ ነው።

ወደ ሥራ መመለስ

በጥር የክትትሉ ጊዜ በሰላም አለቀ፤ አጥሩ ተነሳ። ቦራና ዳለቻዋ አንገት ለአንገት ሲተካከኩ ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ትሥራ አትሥራ የሚል ነው። ወይዘሮዋ ጭነት ዳግመኛ አይነካትም አሉ። እኔ በዚህ አልተስማማሁም። በጠባብ ግቢ ያለ እንቅስቃሴ የምትውል አህያ ሰኮናዋም ሆዷም ይበላሻል። የገለባው ወጪም የእንጀራውን ትርፍ መብላት ጀምሯል፤ ቤተሰቡ ሲቸገር ደግሞ የመጀመሪያዋ ተጎጂ እሷ ትሆናለች።

ልጁ ኩርታኑን ከወጣቱ ጋር ሠራ። ሊጭንባት ሲያነሳው ተንቀጠቀጠች፤ ሽንቷን ለቀቀች። አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ኩርታኑ ገለባዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እየበላች ታሸትተዋለች። ጠልታው መራቅ ስትተው ጀርባዋ ላይ ያለ ጭነት አኖረላት። ዛሬ በሳምንት አንድ ጊዜ ለቤቱ የሚሆን 25 ኪሎ ጤፍ ወፍጮ ቤት ወስዳ ትመልሳለች። ገጣባው የነበረበት ቆዳ ስስ ነው፣ ፀጉሩም ነጭ ሆኖ በቅሏል። ሲመለሱ ልጁ በእጁ ይዳስሰዋል፤ ከሞቀ ወይም ከቀላ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ይቀራል። ዱላ በዚህ ቤት የለም።

ያልተሳካው

ተጠማዞ የነበረው ሰኮና በተደጋጋሚ ተቆርጦም ሙሉ በሙሉ አልተቃናም፤ ድንጋይ በበዛበት መንገድ ታነክሳለች። ገመድ የበላው እግሯ በክረምት ያብጣል። የማዳበሪያ ጆንያ ሲንኮሻኮሽ ከሰማች ዛሬም ትደነብራለች፤ ይህን ለማስተው የሞከርነው ሁሉ አልሠራም፤ ልጁም ጆንያ ግቢው ውስጥ እንዳይገባ በማድረግ ነገሩን ተወው።

ሌላው ያላሰብነው ነገር ወሬው ሲዛመት ሰዎች እንስሳ ይዘው መምጣታቸው ነው። አንድ ጠዋት በሩ ላይ በካርቶን ቡችሎች ተጥለው ተገኙ፤ ሌላ ጊዜ እግሩ የተሰበረ ፍየል መጣ። በየካቲት ደግሞ አንዲት አህያ ሆን ተብላ በዚያው ቦይ አጠገብ ተለቀቀች፤ ወይዘሮዋ ያነሷታል ተብሎ ይመስላል። እሳቸው የዚያን ሌሊት ታመው ተኝተው ነበር። ጅብ በላት። ይህ ወይዘሮዋን ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነሳቸው። ቤታቸው ከሁለት አህያ በላይ እንደማይችል ለእያንዳንዱ መጪ መናገር ነበረባቸው፤ ለእንደሳቸው ላለ ሰው «አልችልም» ማለት ከጅብ ፊት ከመቆም ይከብዳል። ሰፈሩ የተጣሉ የጋማ ከብቶችን የሚያሳርፍበት የጋራ ቦታ እንዲኖር ለእድሩ አቅርበን ነበር። ቦታም ገንዘብም የለም ተብሎ ቀርቷል።

ለሌላ ጉዳይ የሚወሰድ

ለማዳን የሚሮጥ ሰው መጀመሪያ ራሱን ይጠብቅ። የዱር አውሬ ወይም የማይታወቅ ውሻ የነከሰውን እንስሳ በባዶ እጅ አለመንካት፣ ተነክቶ ከሆነ በሳሙና በደንብ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። ይህ ከምንም ይቀድማል።

ባለሙያ የሆንን ሰዎች የቤተሰቡን ፍቅር እንደ እንቅፋት ማየት የለብንም። በዚህ ጉዳይ መድኃኒቱን እኔ ባመጣም ገጣባውን ያዳነው በየቀኑ የታጠበው የጨው ውሃ ነው፤ ያንን በየቀኑ ያደረገው ደግሞ ፍቅር ነው። ፍቅሩ ሲሳሳት መገሠጹ አይጠቅምም፤ የሚሠራው ነገር ይሰጠው።

የዳነው እንስሳ የራሱ ዘር ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ በተለይ አህያ። ሁለተኛ እንስሳ መግዛት የማይቻልበት ቤት እንኳ ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ ማሳደር ይቻላል። እዚህ ሰፈር ውስጥ ያ ስምምነት የዳለቻዋን ሕይወትም ከጅብ ጠብቆታል።

መጻፍ ይልመድ። ማን አገኛት፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ወጣ፣ ማን መሰከረ። የባለቤትነት ጥያቄ የሚመጣው እንስሳው ሲያገግም ነው፤ ያኔ በቃል የሚነገር ሁሉ ይካዳል።

የረጅሙን ጊዜ ጉዳይም በጊዜው ማንሳት ያስፈልጋል። ቦራ በደህና ከተያዘች ገና 20 ዓመት ሊቀራት ይችላል፤ ልጁ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ያስባል። ወይዘሮዋ፣ ልጁና ውሃ አመላላሹ ወጣት ተቀምጠው ተነጋገሩ። ልጁ ሲሄድ የጠዋቱን ቁጥጥር ወጣቱ ይረከባል፤ ወይዘሮዋ ካልቻሉ ቦራ ከዳለቻዋ ጋር ወደ እሱ ትሄዳለች፤ ለማንም አትሸጥም፤ የማትድንበት ሕመም ከመጣም እኔ ወይም ሌላ ባለሙያ ይጠራል እንጂ ወደ ደን አትነዳም። ይህን በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ጽፈው ሦስቱም ፈርመዋል።